መቶ ከመቶ ያመጣ አባት

እኔ ከሊፋ ሰይድ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው መቶ ከመቶ ያመጣሁት። ደሴ ስማር ሒሳብ ላይ ከሃምሳ አልፌ አላውቅም። የሜሪላንድን የመንጃ ፈቃድ ፈተና በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። የዜግነቱንም ቢሆን ያቺ ፈታኝ ሴትዮ አዝናልኝ ያሳለፈችኝ ይመስለኛል። መቶውን ያገኘሁት አሌክሳንድሪያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው፣ በአባትነት። አዎ፣ በአባትነት! ሚስቴ ስትሰማ ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው።

በ2017 ሜይ ላይ ዶክተር ኤለን ደወለችልኝ። ዶክተር ኤለን ሲወለዱ የተጻፈላቸው ጾታ የእኔ አይደለም የሚሉ ልጆችን የምታክምና የምታጠና ሴት ናት። የእኔም ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። «ሚስተር ሰይድ፣ የእናንተ ቤት ከምናያቸው ቤተሰቦች ሁሉ ጥሩ ከሚባሉት ነው» አለችኝ። «አንድ አዲስ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መጥቷል። አባትየው በጣም ተጨንቋል። ቅዳሜ መጥተህ ብታናግርልን?»

ወላሂ ደረቴ ተነፋ። ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ማናጀርነት ነው። ማናጀር ማለት ማሽኑ ትኬት አልቀበልም ሲል የሚሰደበው ሰውዬ ማለት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው «ጥሩ ነህ» ብሎ ደውሎልኝ አያውቅም። ያን ቀን በሩ ላይ የቆመውን መኪና ሁሉ በነፃ ላሳልፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ማታ ዊተን ያለው አፓርትመንታችን ስገባ ሚስቴ ሰብሪያ ኪችን ውስጥ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማለች። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ አንዱን ሽፍት ጨርሳ ሁለተኛውን ልትገባ። ነገርኳት። ሳቀች።

«አንተ? አንተ ነህ ሰው የምትመክረው?»

«ተመርጬ ነው።»

«በምን?»

«ክሊኒክ በምንሞላው ፎርም።»

ሳቋን አቆመች። «ፎርሙ ላይ ምንድነው የጻፍከው፣ ከሊፋ?»

«ጥሩ ጥሩውን ነዋ! ሌላ ምን ይጻፋል?»

ዞር ብላ የልጁን የተዘጋ በር አየች። «ልጁ ከሰኞ ጀምሮ እራት አልበላም» አለችኝና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔ ደግሞ ለቅዳሜ የምለብሰውን ሱፍ ፍለጋ ገባሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ያሲር ልጃችን ነው። ስንወልደው ሴት ብለን ነው የተቀበልነው። ሌላ ስም አውጥተንለት ነበር፣ ያንን ስም ግን አልነግራችሁም፣ ከልክሎኛል። ያሲርን ራሱ ነው የመረጠው። በእኛ ደንብ ልጅ ሲወለድ ለሴት አንድ በግ ይታረዳል፣ ለወንድ ሁለት። በ2015፣ አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ፣ እናቱንም እኔንም ሳሎን አስቀምጦ «እኔ ወንድ ልጅ ነኝ» ብሎ ሲነግረን መጀመሪያ አእምሮዬ ውስጥ የገባው ያ ሁለተኛ በግ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? በአፌ ያልኩት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። «እራት ቀርቧል» ነው ያልኩት። አልቀረበም ነበር።

ሰብሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ አቀፈችው። እኔ ወጥቼ መኪና አጠብኩ። ከፈጣሪ ጋር ያለኝን ጉዳይ ሰላቴ ላይ ብዙ ተነጋገርኩበት፣ ያ የእኔና የእሱ ነው። ልጁ ግን እየከሳ ሄደ፣ ትምህርት ቤትም እየቀረ መጣ። የሕፃናት ሐኪሙ ይሄንን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ጥናትም እያካሄዱ ነው፣ ወደዚያ ልላካችሁ አለን። እኔ ጥናት የሚለውን ስሰማ ደስ አለኝ። አጥንተው አጥንተው በመጨረሻ «ሚስተር ሰይድ፣ ምንም የለም፣ ያልፋል፣ በሰላም ወደ ቤታችሁ» ይሉኛል ብዬ ነዋ!

ከተነገሩን ቦታዎች አሌክሳንድሪያን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ክሊኒክ መግባት ሠርግ ቤት እንደመግባት ነው፣ አሥር ሰው ሳትስም አትወጣም። ስለዚህ ሐበሻ እንዳያየን ብዬ ድልድዩን አሻግሬ ቨርጂኒያ ወሰድኩት። በሩን ከፍተን ስንገባ ሪሴፕሽን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ባጅ ላይ «ልዕልት» ይላል። ልዕልት የምትባል ስዊድናዊት እስካሁን አልሰማሁም። አየችኝ፣ አየኋት። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር» አለችኝ። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ማም» አልኳት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ሐበሾች በአንድ ዓይነት አክሰንት በእንግሊዝኛ ስንነጋገር ዓመት ተኩል ኖርን። ከኢትዮጵያ መሆኔን አላወቀችም ብዬ አምን ነበር። ለካ ገመናዬን የሸፈነችልኝ እሷ ናት።

ዶክተር ኤለን ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችን። ያሲር የሆርሞን ሕክምና ይፈልጋል። ሕክምናው ደግሞ ጊዜ፣ ምርመራና የሁላችንንም ስምምነት ይጠይቃል። ለአሁኑ ክትትል ይደረግለታል። ጥናቱ ውስጥ መግባት ከፈለግን ለአራት ዓመት በየስድስት ወሩ ወረቀት እንሞላለን። ልጁ በአንድ ክፍል፣ ወላጅ በሌላ ክፍል። «ወረቀቱን የሥነ ልቦና አማካሪያችንም ታየዋለች፣ ማን ምን እንደሚያስፈልገው የምናውቀው ከዚያ ነው። ትክክልና ስህተት የሚባል መልስ የለም» አለች።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሰማሁት «በሌላ ክፍል» የሚለውን ብቻ ነው። ላብ አጠመቀኝ።

ምክንያቱም እኔና ሰብሪያ የዲቪ ሰዎች ነን። ዕጣው ሲወጣልኝ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን፣ እውነተኛ ባልና ሚስት። ለኢንተርቪው ግን እንደ ሌባ ነው የተለማመድነው። ሚዜው ማን ነበር፣ የሠርጉ ቀን ዘንቧል ወይ፣ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ምን ዓይነት ነው፣ ሁሉን በቃላችን ያዝነው። ባልና ሚስቱን ለየብቻ ሲጠይቁ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ «ግድግዳችን ሰማያዊ ነው» አለ፣ ሚስቱ «አረንጓዴ ነው» አለች፣ ተመለሱ ተባሉ ተብሎ በየሰፈሩ ይወራ ነበር። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት እስካሁን አላውቅም። እኔ ግን አሜሪካ የገባሁት በዚያ ወሬ ነው ብዬ ነው የማምነው። ሰው ለየብቻ ከተጠየቀ መልሱ መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ ፋይል ይዘጋል። የአሜሪካን ሕግ በሙሉ የማውቀው ይሄንን ያህል ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ልንሞላ የሄድን ቀን መኪና ውስጥ ልጄን ማስጠናት ጀመርኩ።

«ቤት ውስጥ በመረጥከው ስም ይጠሩሃል ወይ ቢሉህስ?»

«አይጠሩኝም።»

«ሁልጊዜ ነው የምትለው።»

«ባት ኢትስ ኖት ትሩ፣ አባ።»

«እኔ የምጽፈውን ነው የምነግርህ! የእኔና ያንተ ካልገጠመ ፋይሉን ይዘጉታል። ሕክምና የለም፣ ዶክተር የለም፣ በቃ። ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

የቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ተጨናንቆ ነበርና ቆመናል። ያሲር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ «ኦኬ። ቀጥል» አለኝ።

ቀጠልኩ። እንቅልፍ? ጥሩ። ምግብ? ጥሩ። ሐዘን ይሰማሃል? አይሰማኝም። አባትህ ያዳምጥሃል? በጣም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ በአንዴ ነው የያዘው። ሕክምናውን ምን ያህል እንደሚፈልግ አውቅ ነበር። የሚፈልገውን አውቄ በዚያው አሰርኩት። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አልመሰለኝም፣ ልጄን ያገዝኩት ነው የመሰለኝ። እንዲያውም ስንጨርስ «ማሻአላህ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጌዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ «ልጅዎን በመረጠው ስም ምን ያህል ይጠሩታል?» ይላል። ሁልጊዜ! እቤት ውስጥ እኔ ልጁን በምንም ስም አልጠራውም፣ በሩ ላይ ቆሜ አስላለሁ። አንዴ ካሳልኩ ና ማለት ነው፣ ሁለቴ ካሳልኩ እናትህ ትፈልግሃለች ማለት ነው። ጎረቤቴ ሳምባዬን እንድታይ መክሮኛል። ደግሞ «ልጅዎ ያልሆነውን እንዲመስል ጠይቀው ያውቃሉ?» ይላል። በፍጹም! ኢድ ሲመጣ ከግሪንቤልት ዘመዶች ይመጣሉና «ለአንድ ቀን ብቻ» እያልኩ ቀሚስና ሂጃብ ያስለበስኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብቻ ያልኩት ሦስት ኢድ ሆኗል። «በፍጹም» የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ ነው ያከበብኩት፣ ጎልቶ እንዲታይ።

ለክፋት አልነበረም፣ ወላሂ። የቤትን ጉድ ሰው ፊት መዘርገፍ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ሰው «እንዴት ናችሁ?» ካለኝ እግሬ ተሰብሮም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ» ነው የምለው። በዚያ ላይ ፈረንጅ ፊት! አንድ ሐበሻ አባት ሞልቶት የማያውቀውን የሚያምር ፎርም ልሙላ ብዬ ነው። ሞላሁትም። ሦስት ጊዜ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰብሪያ ሥራ ላይ ናት፣ እኔ ሱፌን ለብሼ ያሲርን ከፊት አስቀምጬ ነዳሁ። በሙቀቱ ውስጥ ወፍራም ሹራብ ለብሷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። የቀጠነ መሆኑን አይቼ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

«ዛሬም ፎርም አለ?» አለኝ።

«የለም። ዛሬ አባትህ ሰው ሊመክር ነው።»

«ዋው» አለ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ዋው ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል። እኔ ግን አድናቆት አድርጌ ነው የወሰድኩት።

አዲሱ አባት ፀሐዩ ይባላል። ከጀርመንታውን ነው የመጣው፣ የትምህርት ቤት ባስ ነጂ ነው፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። ዓይኑ አብጧል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ጋሼ፣ ዶክተሯ ስለ እርስዎ ነግራኛለች» አለኝ። ከኪሱ ደብተር አወጣ። አዎ፣ ደብተር! እኔ የምለውን ሊጽፍ።

ዶክተር ኤለን ከጎናችን ተቀምጣ አማርኛው ሳይገባት ፈገግ ትላለች። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። «መጀመሪያ ትዕግሥት ነው» አልኩት። ጻፈ። «ሁለተኛ፣ ልጅን ማዳመጥ። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ነፃ ሆኖ መወያየት።» ጻፈ። ይሄንን ሁሉ ከየት እንዳመጣሁት ገርሞኝ ነበር፣ ኋላ ሳስበው ከፎርሙ ጥያቄዎች ላይ ነው። እሱ ሲጽፍልኝ ጊዜ ጭራሽ ባሰብኝ። «እኛ ቤት በር አይዘጋም» ሁሉ ብያለሁ።

ፀሐዩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ በሩን ዘግታ ምግብ ስትተውስ ምን ይደረጋል?» አለኝ።

«ማለት?»

«የእኔ ልጅ፣ ወንድ ብለን ያሳደግናት፣ ከገና ጀምሮ እንደዚያ ናት። በኋላ መኖር አልፈልግም ብላ ለአስተማሪዋ ነገረቻት።» ደብተሩን ዘጋው። «እኔ ፎርሙ ላይ ሁሉንም ጻፍኩት። የምጮህባትን፣ ፀጉሯን በግድ የላጨሁባትን፣ አንድም አላስቀረሁም። እያፈርኩ ነው የጻፍኩት። ደግነቱ ወዲያው አማካሪ ሰጧት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ትገባለች። የእርስዎስ ልጅ በየሳምንቱ ነው?»

«እኛ በየስድስት ወሩ ነን» አልኩት።

«ታድላችሁ!» አለኝ፣ ከልቡ።

እንዲህ ያለ ታድላችሁ ጠላቴንም አይግጠመው። ከሰኞ ጀምሮ ያልተበላው እራት ፊቴ ላይ መጣ። ወደ ዶክተር ኤለን ዞሬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት፣ ለምንድነው የእኔ ልጅ በየስድስት ወሩ፣ የእሱ በየሳምንቱ?

«የአማካሪዋ ጊዜ ለሁሉም አይደርስም» አለችኝ። «በጣም ለተቸገሩት ነው ቅድሚያ የምንሰጠው። አምና የያሲርም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ወረቀታችሁ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ጥሩ ሆነ፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጠነው። እሱ የጻፈውን ላሳይህ አልችልም፣ የእሱ ነው። ግን የሚያሰጋን ነገር አላየንም።»

የእሱ ነው ትላለች። የእሱ አይደለም! የእሱንም የሞላሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ወረቀት የሞላሁት እኔ ነኝ። ልጄ በሰው አገር፣ በሰው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ የሚሰማው ሰው ተገኝቶለት ሳለ፣ ያባቱን ውሸት እያስታወሰ ሲያከብብ ታየኝ። ሦስት ጊዜ።

አሁን ጀግና ሆንኩ ብዬ እንዳልዋሻችሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሱፌ ነው። ይሄንን ለብሼ እንዴት ነው ውሸታም ነኝ የምለው? ቀጥሎ ያሰብኩት ስለ ፀሐዩ ደብተር ነው። ሦስተኛው ግን እውነተኛ ፍርሃት ነበር፣ ከተናገርኩ ፋይሉን ይዘጉታል። ልጄን ለማስፈራራት ያልኩት ነገር እኔን ራሴን ያስፈራኝ ነበር እኮ! ሃያ ዓመት ሙሉ አምኜበታለሁ።

«ውሸት ነው» አልኩ። በአማርኛ ነው የወጣኝ። ፀሐዩ ቀና አለ። በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው። እሱንም ያስጠናሁት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ። ምግብ አይበላም፣ አይተኛም፣ ትምህርት ቤት ይቀራል። በስሙ ጠርቼው አላውቅም።» አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ይሄም አመሌ ነው። የኢዱን ቀሚስ፣ ሳሉን፣ ሁሉን ነገርኳት። ግድግዳው ሰማያዊ፣ ግድግዳው አረንጓዴ የሚለውንም ነግሬያታለሁ፣ ምን እንደገባት አላህ ይወቅ። ስጨርስ ልዕልት ብርጭቆ ውሃ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። «ጋሼ፣ ይጠጡ» አለችኝ፣ በአማርኛ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አልኳት። አፍሬ ልሞት ነው፣ ውሃው ግን ደስ አለኝ።

ዶክተር ኤለን አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለኝ ነበር። ብድግ አለችና «አሁን የት ነው ያለው?» ብቻ አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ። ቀድሜያት ደረስኩ። ቀስ ብዬ መንገር ነበረብኝ፣ ግን የት አባቴ ለምጄው። «ያሲር፣ ነገርኳቸው። መልሱን እኔ እንዳስጠናሁህ ነገርኳቸው» አልኩት።

ማዳመጫውን ነቀለው። «ዋይ? አባ፣ ለምን?» አለኝ። «ፋይሉን ይዘጉታል እኮ! አንተ ነህ ያልከኝ! ሁሉንም እንዳልከኝ ነው የጻፍኩት፣ ኤቭሪ ሲንግል ታይም፣ ሁሉንም!» እዚያው ወንበሩ ላይ እጥፍ ብሎ አለቀሰ። ከሰባት ዓመቱ ወዲህ እኔ ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር። የሚያለቅሰው ደግሞ ዋሽተሃል ብሎ አይደለም፣ እውነቱን ተናገርክብኝ ብሎ ነው። ይሄንን ልጅ ምን እንዳደረግኩት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

መሬት ላይ ተንበረከክኩ፣ ሱፍ ሆዬ ቻለው። «አይዘጋም፣ ልጄ። እኔ ነኝ የማላውቀው። ደንቆሮ ነኝ እኮ፣ እናትህን ጠይቃት» አልኩት። አላመነኝም፣ ለምንስ ያምነኛል? ዶክተር ኤለንን ቀና ብሎ አያት። «በምንም መልስ ምክንያት ፋይል አይዘጋም» አለችው። እንደገና ጠየቃት፣ እንደገና መለሰችለት። በሦስተኛው ነው ትንፋሹ የተመለሰው።

ወዲያው አማካሪዋን ጠራችለት። ፀጉሯ ነጭ የሆነ፣ ዝግ ያለች ሴት ናት። ዛሬውኑ አነጋግረዋለሁ፣ ሳታነጋግሩኝም ወደ ቤት አትሂዱ አለችን። «አባትህ አብሮህ እንዲገባ ትፈልጋለህ?» ብላ ያሲርን ጠየቀችው። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «ልበል?» በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ደግሞ ምንም ሳላስብ ራሴን ነቀነቅኩ፣ እሱም «የስ» አላት። ገባሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሦስት ወንበር አለው። አማካሪዋ ደብተር እንኳን አልያዘችም። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለችው።

ያሲር አፉን ከፈተና እኔን አየኝ። «ጥሩ» አለ።

«ምግብስ?»

አየኝ። «ጥሩ።»

ዓይኔን ወደ ወለሉ አወረድኩ፣ እንዳያየኝ። ሦስተኛ ጥያቄ ጠየቀችው። ቀና ስል ዓይኑ እዚያው እኔ ላይ ነው፣ ከፊቴ ላይ መልሱን እየፈለገ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጀርባዬን እያየ እንደሆነ ይሰማኛል። እንዲህ ሆኖ እስከ ማታ ብንቀመጥ ይህ ልጅ አንድም የራሱን ቃል አይናገርም። እኔ ደግሞ ሰው ሲናገር ማረም የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ፣ ገና ሳይጀምር «እንደዚያ እንኳን አይደለም» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ተነሳሁ።

«የት ነው የምትሄደው?» አለኝ ያሲር፣ ደንግጦ።

«ውጭ ነኝ፣ ያሲር። የፈለግከውን በላት። ስለ እኔም ንገራት፣ ስለ እኔ ብዙ አለ።»

ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ የያሲር ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ያለ፣ የሚቆራረጥ። ከዚያ ከፍ አለ። አልዋሻችሁም፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ልለጥፍ አንድ እርምጃ ሄጃለሁ። ምን እያለ ይሆን? ስለ ኢዱ ነው? እኔ ስለማላውቀው ነገር ነው? ተመለስኩና ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄድኩ፣ ቃሉ ከማይሰማበት ቦታ፣ ድምፁ ብቻ ከሚመጣበት። እዚያ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ሰብሪያ ደወለች። የእረፍት ሰዓቷ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። አልሰደበችኝም፣ ጊዜም አልነበራት።

«እና ምን አላቸው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ምን ማለት ነው አላውቅም? አብረኸው አይደለህም እንዴ?»

«ወጥቻለሁ። ብቻውን ነው።»

«ከሊፋ! ብቻውን? ዝም ይላል እኮ፣ ያ ልጅ አያወራም!»

«እያወራ ነው» አልኳት። «አርባ ደቂቃ ሆነው።»

ሰብሪያ ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመረች።